እንግዳ በማታ ለምታዞር ልጄ

ልጄ፣ ሚዛን ከተማ ውስጥ ለእንግዶች የማታ ጉብኝት ልትጀምር መሆኑን ሰማሁ፤ በእግር እያዞርክ የአገሩን ምግብና መጠጥ ከየቤቱ ልታቀምሳቸው። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ስለወደድኩትም ነው ይህን ሁሉ የምጽፍልህ።

ሥራው በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። በጣሊያን ከተሞች በዚህ የሚተዳደር ወጣት ብዙ ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጥቂት እንግዶች ይሰበስባል፣ ከአንዱ ወይን ቤት ወደ ሌላው እየመራ ያስቀምሳቸዋል፣ ስለ ወይኑ፣ ስለ አይቡ፣ ስለ ሰፈሩ ያወጋቸዋል። ቬኒስ ውስጥ ባካሪ የሚባሉ ጠባብ ወይን ቤቶች አሉ። ሰው ባንኮኒው አጠገብ እንደቆመ ትንሽ ብርጭቆ ወይን ይጠጣል፣ ቺኬቲ ከሚሉት መክሰስ አንድ ሁለት ጉርሻ ይቀምስና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከእነሱ የምትማረው አለ፤ ትንሽ ትንሽ ማቅመስን፣ ከቤት ቤት መሻገርን፣ ማታውን በልክ መጨረስን። የማትወስደውም አለ። እኛ ዘንድ እንግዳ ቆሞ አይበላም። ይቀመጣል፣ እጁን ይታጠባል፣ የቤቱን ሰው ጤና ይጠይቃል። ደግሞም አንተ እንግዳህን የምታስገባው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰው መኖሪያ ቤት ነው።

ምክሬ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። እንግዳህ ሲለይህ የበላውንና የጠጣውን ማን እንዳዘጋጀው፣ በምን ያህል ድካም እንዳዘጋጀው አውቆ ይሂድ። ይህ ከጎደለ ሆቴሉ ተቀምጦ ቢበላ ይሻለዋል።

1. ማታውን ቀን ላይ ሥራው። የምታስገባባቸውን ቤቶች እንግዳ ሳትይዝ አንድ በአንድ ሂድባቸው። ቡና ጠጣ፣ ተጫወት፣ ያሰብከውን ግለጽ፣ ለመልሱም አትቸኩል። የእኛ እናቶች ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ይከብዳቸዋል፤ «እስቲ እናያለን» ካሉህ እሺታ አድርገህ አትውሰደው። ሦስት ወይም አራት ቤት ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ ሰው መቅመሱን ትቶ መቁጠር ይጀምራል። እንግዶችህም በአንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱትን ያህል ይሁኑ፤ ስድስት ሰው መልካም ነው፣ አሥር ሰው ግን ስብሰባ ነው።

ለእያንዳንዷ ባለቤት ቀኑንና የሰዉን ቁጥር ቀደም ብለህ ንገራት። ቆጮ በድንገት አይደርስም፣ ጠጅም በአንድ ቀን አይጠመቅም። ሐዘን የገባበት ቤት እንግዳ አታስገባ። አራስ የተኛችበት ቤትም እንዲሁ። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚተካ አንድ ቤት በእጅህ ይኑር።

2. ከቀኑ አሥር ሰዓት ጀምር፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጨርስ። ጀንበር አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፣ በእኛ አገር ደግሞ ጨለማው ፈጥኖ ነው የሚወርደው። ጓሮው፣ የቡናው ዛፍ፣ እንሰቱ፣ ቅመሙ በብርሃን መታየት አለበት፤ ጠጁና ቡናው ሲመሽ ይደርሳሉ። ይህ ምድር ከዓመቱ አብዛኛውን ወር የሚዘንብበት ነው። ጃንጥላና የእጅ ባትሪ ያዝ፣ እንግዶቹ ጭቃ የሚችል ጫማ እንዲያደርጉ አስቀድመህ ንገራቸው። ከሚዛን ወደ አማን የምትሻገር ከሆነ ባጃጅ አስቀድመህ አነጋግር። ሰው በጨለማ መንገድ ዳር ቆሞ አይጠብቅ።

3. እንግዳህን አዲስ አበባ ያገኘውን አታብላው። ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ በጅማና በቦንጋ በኩል ተጉዞ ለመጣ ሰው ጥብስ በእንጀራ ማቅረብ ድካሙን ማባከን ነው። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ቤት ለጎደሬና ለቆጮ እሰጠው ነበር።

ጎደሬን ብዙ ሰው እንደ ድሃ ምግብ ያየዋል፤ አንተ እንዲህ አትየው። የቤንችንም የመዠንግርንም ቤት ስንት ክረምት ያሻገረ ምግብ ነው። ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ በዳጣ ሲቀርብ ማንም አይጠላውም። በደንብ መብሰሉን ግን አረጋግጥ፤ ያልበሰለ ጎደሬ አፍንና ጉሮሮን ያሳክካል፣ ያን ማታ ያ እንግዳ ሌላ ነገር አይቀምስልህም። ቦዬ ካለ ጨምር። ሙዙና አናናሱም የዚሁ ምድር ነው፤ ከሱቅ ብስኩት ከምትገዛ እሱን አቅርብ።

ቆጮውን ስታቀርብ ከእንሰቱ ሥር ቁምና አሳያቸው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ከዚያ ሴቶች ይፍቁታል፣ በቅጠል የተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩታል፣ እስኪብላላ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ነው ተጋግሮ የሚመጣው። ይህን ያየ ሰው ጠረኑን እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። ማብራሪያውን ግን አንተ ብቻ አትስጥ። የምትፍቀው ሴት እዚያው ስላለች እሷ ትናገር፣ አንተ አስተርጉም። በራሷ ቋንቋ በቤንችኛ፣ በሸክኛ ወይም በካፊኛ ብትናገር የበለጠ ትከፈታለች። ቋንቋዋን የማትችል ከሆነ የሚችል የሰፈር ልጅ ይዘህ ግባ፣ ድርሻውንም ክፈለው።

ቅመሙንም ሳታሳይ አትለፍ። ኮረሪማ የዚህ የደቡብ ምዕራብ ጫካ ተወላጅ ነው፤ ጥምዝም በእነዚህ ጫካዎች ውስጥ ይበቅላል። ከሚዛን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ቴፒ ውስጥ በቅመማ ቅመም ላይ የሚሠራ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ቁንዶ በርበሬ፣ እርድ፣ ዝንጅብል፣ ሄል፣ ቀረፋ በዚያ አካባቢ ይለማሉ። አዲስ አበባ ያደገ እንግዳ እነዚህን ሁሉ የሚያውቃቸው ተፈጭተው በከረጢት ነው። የቁንዶ በርበሬን ሐረግ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ሲያይ፣ የኮረሪማን ቀይ ፍሬ ከመሬት ላይ ቆርጦ ሲያሸት ፊቱን ተመልከት። እንግዳህ ጊዜ ካለው አንዱን ቀን ለቴፒ ስጠው።

4. ጨሞን አትርሳ። ሰው ቡና ሲባል ፍሬውን ብቻ ያስባል። በካፋ፣ በሸካና በቤንች ቤቶች ግን ከቡናው ቅጠል የሚፈላው ጨሞ አለ፤ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣ፣ ጤና አዳም እንደየቤቱ ልማድ ይገባበታል። መዠንግሮች የራሳቸውን ካሪ ይሉታል። ያቃጥላል፣ ያነቃቃል፣ ከጎደሬ ጋር ደግሞ ይስማማል።

ይህን መጠጥ ከማታህ መካከል እንድታደርገው የምለምንህ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ አልኮል የለበትምና ማንም ሰው ሊጠጣው ይችላል። ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። የፍሬው ቡና ወደ ገበያ ሲሄድ ቤት የሚቀረው ይህ ነው። ብዙ ገበሬ ጥሩውን ቡናውን ሸጦ፣ ለራሱ የቅጠሉን አፍልቶ እየጠጣ ልጆቹን አስተምሯል። እንግዳህ አገሩ ሄዶ ውድ ቡና በሚገዛበት ቀን ይህንን ቢያስታውስ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

5. ጠጅ ቤቱን በጥንቃቄ ምረጥ። በዚህ ጉዞ የወይኑን ቦታ የሚይዘው ጠጅ ነውና እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልንገርህ።

ጠጅ የሚጀምረው ከዛፍ ላይ ነው። የእኛ ንብ አርቢ ቀፎውን ከቅርፊት ወይም ከተፈለፈለ ግንድ ይሠራል፣ በገመድ ወይም በሐረግ ረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ይሰቅለዋል። ማሩን የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ በሌሊት ነው፣ በጭስ፣ ከቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ። ከዚያ ከፍታ የወደቀ ሰው አለ። በአካባቢህ ማር ቆራጭ ካለና ፈቃደኛ ከሆነ ጠጅ ቤቱ ድረስ መጥቶ ከእንግዶቹ ጋር እንዲቀመጥ ጋብዘው፤ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። ጌተም ካበበ በኋላ የሚቆረጠው ነጭ ማር፣ ከብሳናው የሚገኘው፣ ከግራዋው የሚመጣው መራራ ቢጤ፣ ሁሉም የየራሱ ጣዕም አለው። የማሻ ነጭ ማር ስሙ ሩቅ የደረሰ ነው። ሦስቱን በትንንሽ ሳህን ጎን ለጎን አቅርብና እንግዳህ በጣቱ እየቀመሰ ይለያቸው። ይህ አንድ ነገር ብቻውን ማታህን ያስከብረዋል። ሕፃን ልጅ የያዘ እንግዳ ቢኖር ግን ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር እንዳያቀምስ ንገረው፤ ለጨቅላ አደገኛ ነው።

ከዚያ አጠማመቁን። ለአንድ እጅ ማር ሦስት ወይም አራት እጅ ውሃ፣ ከነሰፈፉ ይበጠበጣል፣ በወይራ በታጠነ ጋን ይቀመጣል። ጌሾው የሚጨመረው ብርዙ ጥቂት ቀን ካደረ በኋላ ነው። መራራውን ጣዕም የሚሰጠው የጌሾው ነው። ሊቃውንት ይህን መራራ ንጥረ ነገር ጌሾይዲን ብለውታል። እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ሙቀት ባለበት ቀደም ብሎም፣ ይፈጃል። እንግዳህ ብርዙንና የደረሰውን ጠጅ አስከትሎ ቢቀምስ ጋኑ ውስጥ ምን እንደተደረገ ምላሱ ይነግረዋል።

በከተሞች በስኳር ተጠምቆ፣ በቀለም ቢጫ ሆኖ ጠጅ የሚባል መጠጥ እየበዛ መሄዱን ታውቃለህ። አንተ ደጃፉን አትርገጥ። ምልክቱን በምላስህ ለማወቅ ከመድከም ይልቅ ማሩን ከማን እንደምትገዛ የምትነግርህን ጠማቂ ፈልግ። ማሯንም ሲገባ አይተህ፣ ጋኗንም አይተህ ስምምነትህን ጨርስ። እውነተኛ ማር ውድ ስለሆነ የእሷ ጠጅም ይወደዳል። ዋጋዋን አትከራከራት። ለእንግዳህ ደግሞ በግልጽ ንገረው፤ ይህ ብርሌ የሚወደደው ማር ስለሆነ ነው በለው። የተረዳ ሰው አያጉረመርምም።

ልኩን በተመለከተ ጥብቅ ሁን። ጠጅ ጣፋጭ ስለሆነ ያታልላል፤ ጥንካሬው ከቢራ ይበልጣል፣ አንዳንዱም ከወይን ጋር ይስተካከላል። አንድ ብርሌ ለማቅመስ ይበቃል፣ ሁለተኛው በሰውየው ፍላጎት፣ ሦስተኛ በአንተ ጉብኝት ውስጥ አይኑር። ምንጩን የማታውቀውን የቤት አረቄ ከነጭራሹ አታስገባ። አንተ ራስህ አትጠጣ። መሪ የጠጣበት ማታ የማንም አይደለም።

6. የማይጠጣውንና የሚጾመውን አስቀድመህ ጠይቅ። አካባቢያችን ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ሙስሊሙም፣ የአባቶቹን እምነት የያዘውም አብሮ የሚኖርበት ነው፤ እንግዶችህም እንዲሁ ተደባልቀው ይመጣሉ። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ጎደሬውም፣ ጎመኑም፣ ቆጮውም ያለ ቅቤ ይዘጋጅለት። ለማይጠጣ ብርዝ ይኑር፤ በዚያው ብርሌ ይቀዳለት፣ ከሌላው እንዳይለይ። «ትንሽ እንኳ ቅመስ» ብለህ ማንንም አታስገድድ። ባለቤቶቹንም በዚሁ ዓይን እይ። አልኮል በቤቷ እንዲገባ የማትፈቅድ እናት ጨሞዋን ወይም ቡናዋን ታቅርብ፤ ጠጁ ሌላ ቤት ይጠጣል።

7. ቡናውን መጨረሻ አድርገው። አንዳንዱ ጠጅ ላይ መለያየት ይቀለዋል። እኔ አልስማማም። ሰው ከጠጅ ተነስቶ ወደ ጨለማ መውጣት የለበትም። ቡና የሚፈላበት ቤት ገብቶ ይቀመጥ፣ ይረጋጋ፣ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጥቶ ይነሳ። ሦስቱን እስከ መጨረሻ ለመቀመጥ ትዕግሥት ያጣ እንግዳ ቢኖር በፍቅር አግባባው፤ ጨዋታው የሚደምቀው ከሁለተኛው በኋላ ነው።

ቡናው ሲቆላ ብዙ አታውራ፣ ሽታው ይናገር። በኋላ ግን የምትናገረውን በትክክል እወቅ። ስለ ካልዲና ስለ ፍየሎቹ ብታወራ ተረት መሆኑን ንገራቸው። እውነቱ ራሱ ከተረቱ የበለጠ ነው፤ አረቢካ ቡና በዱር የተገኘው በእነዚህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች ውስጥ ነው። ዩኔስኮ የካፋን ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካን በ2012፣ የመዠንግርን በ2017 የሰውና የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቧቸዋል። የጫካ ቡና፣ የጓሮ ቡናና እንደ በበቃ ያለው የሰፋፊ እርሻ ቡና ምን እንደሚለያቸው በምሳሌ አስረዳ፤ ከተቻለ እሸቱንና ጀንፈሉን እጃቸው ላይ አኑርላቸው።

የጌሻን ነገር ያልሰማ ቡና ወዳድ ዛሬ የለም፤ ይጠይቁሃል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እንግሊዞች ጌሻ ከሚባለው አካባቢ ጫካ ዘር ሰብስበው ወሰዱ። ዘሩ በኬንያና በታንጋኒካ አልፎ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታሪካ ምርምር ጣቢያ ገባ፣ ከዚያ ፓናማ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2004 ፓናማ ውስጥ በተደረገ ውድድር አንደኛ ሲወጣ የዓለም ቡና ገዢ ሁሉ ስሙን አነሳ። ዛሬ በውድ ከሚሸጡ ቡናዎች አንዱ ነው፣ ስሙም የእኛ አካባቢ ስም ነው። ይህን ስትናገር ድምፅህ ውስጥ ቁጭት ቢኖር አልነቅፍህም። ቁጭቱ ግን እንግዳህ ላይ አይውረድ፤ ሲኒውን ይዞ አንተ ፊት የተቀመጠው ሰው ዘሩን አልወሰደም። እሱ ከዚህ የሚገዛውን ቡና ከገበሬው በተገቢ ዋጋ ቢገዛ እሱ ነው የሚጠቅመን፤ ስለዚህ የት እንደሚገዛ አሳየው።

8. በማን ቤት እንደማትገባ ራስህን ጠይቅ። ይህ ከሁሉ የሚከብደኝ ነው፣ ግን መናገር አለብኝ።

በዚህ በደቡብ ምዕራብ ከእኛው መካከል አብረናቸው ማዕድ ቆርሰን የማናውቃቸው ሰዎች አሉ። በካፋ ማንጆዎች፣ በየአካባቢው ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎች ለብዙ ዘመን ሌላው ቤት ገብተው በአንድ ዕቃ አልበሉም፣ በአንድ ሲኒ አልጠጡም። አንዳንዱ ቤት ደጅ ተቀምጠው በቅጠል ይሰጣቸው ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ካለ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ ልማዱ ግን ከአንዳንድ ቤት ገና አልወጣም።

አንተ የምግብና የመጠጥ ጉዞ ነው የምትመራው። ቡናህ የሚፈላበት ጀበና፣ ጠጁ የሚጠመቅበት ጋን፣ ቆጮው የሚጋገርበት ምጣድ የተሠራው በሸክላ ሠሪዋ እጅ ነው። የእሷን ጀበና እያሞገስክ እሷን ደጅ ማቆም ግፍ ነው። ከቤቶቹ አንዱ የሸክላ ሠሪዋ ቤት ይሁን። ጭቃው ሲቦካ፣ ጀበናው አፍ ሲወጣለት እንግዶቹ ይዩ። እዚያው ቡና ይጠጡ፣ በእሷ ሲኒ፣ ከእሷ ጋር። አንተም ጠጣ፤ ከሁሉ በፊት አንተ ጠጣ። እንግዳው የሚያደርገው ለእሱ ምንም አይደለም፣ አንተ የምታደርገውን ግን የሰፈሩ ሰው ያያል። ምናልባት ከባለቤቶቹ አንዷ «እሷ ካለች እኔ የለሁም» ትልሃለች። አትቆጣ፣ አታዋርዳት፣ ቦታውንም አትቀይር። ጊዜ ስጣት። ቀርታ ብትቀር ሌላ ቤት ታገኛለህ።

እንግዶቹን ደግሞ «እነዚህ የተገለሉ ሰዎች ናቸው» ብለህ አታስጎብኝ። የምታስገባቸው ወደ ባለሙያ ቤት ነው፤ ታሪኳን ልትናገር ከፈለገች እሷ ትናገር። ሌሎች ሕዝቦቻችንንም ራሳቸው በሚጠሩበት ስም ጥራቸው፤ ድሮ ሌሎች ያወጡላቸውን ስም በቀልድም ቢሆን አታንሳ።

9. ገንዘቡን ማታው ሳይጀመር ክፈል። የምትጠይቀው ዋጋ ላይ የእያንዳንዷ ቤት ድርሻ ተለይቶ ይታወቅ፣ በወረቀት ይጻፍ፣ ለእንግዳውም ይነገረው። ለባለቤቶቹ ያለውን ክፍያ እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት በእጃቸው አድርግ፤ ያዘጋጀችውን ቆጥባ እንዳታቀርብ፣ ደግሞም «ይከፈለኝ ይሆን» እያለች እንዳትሳቀቅ። እንግዳ ቀርቶ ማታው ቢሰረዝም የደከመችበትን ክፈል። ጉርሻ የሚሰጥ እንግዳ ካለ ለአንተ ሳይሆን ለቤቱ እንዲሰጥ ምከረው። የዕቃ መሸጫ ያላቸው ሰዎች «ወደ እኔ አምጣልኝ፣ ኮሚሽን እሰጥሃለሁ» ይሉሃል። ያንን ከተቀበልክ በማግስቱ ጉዞህ የእነሱ ይሆናል።

10. ካሜራን አንተ ተቆጣጠር። ሳይጠየቅ ፎቶ አይነሳ፣ ሕፃናት ከነጭራሹ አይነሱ። በየቤቱ አንድ ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ፣ ባለቤቷ ፈቅዳ ይነሱ። ፎቶው ለእሷም ይድረሳት። ፎቶ እንልካለን ብለው የሄዱ እንግዶች ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ላኪው አንተ ሁን።

11. ወረቀትህን አስተካክል። የአስጎብኚነት ፈቃድ ከማን እንደሚገኝ ከከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቅ፣ ቀበሌው ይወቅህ፣ የሚቀርብህ ፖሊስ ጣቢያ ስልክ በእጅህ ይኑር። እንግዳ ይዞ በማታ የሚንቀሳቀስ ሰው ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ራሱን የቻለ ክልል ነው፤ መሥሪያ ቤቶቹም ቅርብህ ናቸውና «ሩቅ ነው» ብለህ አትተወው።

12. በወቅቱ ጀምር። ቡናው በሚቀላበት በመስከረምና በጥቅምት ብትነሳ እንግዳህ እሸቱ ከዛፍ ሲለቀም፣ ጀንፈሉ በአልጋ ላይ ሲሰጣ ያያል፤ ቤቶቹም እጃቸው ላይ ጥቂት ገንዘብ ስለሚኖር ማታው የጭንቀት አይሆንም። ከባዱ ዝናብ ሲወርድ ማረፍ ነውር አይደለም። ባለቤቶቹም ማረፍ አለባቸው፤ አንድ ቤት በሳምንት ከሁለት ማታ በላይ እንግዳ አይቀበል።

ከዚህ በኋላ አንድ የምለምንህ አለ። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከአገሪቱ ከየአቅጣጫው የመጡ ተማሪዎችን ይይዛል። ብዙዎቹ ለዓመታት እዚህ ኖረው፣ የካምፓሱን ምግብ በልተው፣ ጨሞ ሳይቀምሱ፣ የእንሰት ጓሮ ሳይገቡ ተመርቀው ይሄዳሉ። ከፋዩን እንግዳ ከመቀበልህ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ማታ ለእነሱ ስጥ፤ አንዱን በአማን ግቢ፣ አንዱን በቴፒ ግቢ ላሉት። ለቤቶቹ የሚከፈለውን እኔ እችላለሁ። ቀኑን ቆርጠህ ንገረኝ።